ግማሽ መልሳቸውን ይዘን ለፈረድንባቸው ለአማካሪ ዐብዲጀባር ሮብሌ

የወዳሐዳል የሥነ ልቦና ምክር ማዕከል ባልደረባ አቶ ዐብዲጀባር ሮብሌ ለሁለት ወር በሕመም ከሥራ ርቀው ከቆዩ በኋላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ድሬዳዋ በሕክምና ላይ ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው በዚያው ዕለት በትውልድ ከተማቸው በሽንሌ ተቀብረዋል። የማዕከሉ ሐዘን ከባድ ነው፤ ጸጸቱም እንደዚያው።

በ2011 ዓ.ም. ጅግጅጋ ሥራ የጀመሩት አቶ ዐብዲጀባር በዓመቱ ባለ ሁለት ረድፍ ቅጽ አዘጋጁ። አማካሪውና ተገልጋዩ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያደርጉትን በየድርሻቸው ጽፈው ሁለቱም ይፈርማሉ። ሐሳቡን ያገኙት ከሽንሌ ሽማግሌዎች ነው፤ እዚያ ሁለቱም ወገን ቃሉን ሳይሰጥ ሽምግልና አይዘጋም። «ሐኪሙ ያድነኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ለሚቀመጥ ተገልጋይም፣ «አልሰማ አለኝ» ለሚል አማካሪም ቅጹ አይመችም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ከአፍደም የሚመላለሱት ተገልጋይ አቶ ጁነይድ ምክሩን አቋርጠው ሕመማቸው ጸና። ቤተሰባቸው አቤት ሲል አቶ ዐብዲጀባር እንዲህ ሲሉ በጽሑፍ መለሱ፦ «በእኔ በኩል ጥፋት አለ፤ ሲቀሩ ደውዬ አልጠየቅኩም። በእሳቸው በኩል ያለውን ግን እሳቸውን ጠይቁ፤ ሁለታችንም ፈርመናል።» እኛ የፊተኛውን ጥፋትን እንደ ማመን ወሰድን። የኋለኛውን አላየነውም ብንል ውሸት ነው፤ አይተን ተውነው። ማስጠንቀቂያ ሰጥተን ወደ መዝገብ ቤት አዛወርናቸው።

አቶ ጁነይድ በ2016 ዓ.ም. አገግመው መጡ። እንዲገለጽ በፈቀዱት ቃላቸው፣ «ጫት አቆማለሁ ብዬ ፈርሜ አላቆምኩም፤ አፍሬ ቀረሁ። ሰውየው ብቻውን ምን ያድርግ?» አሉ። ማስጠንቀቂያውን መሻር ስህተታችንን ማመን ስለሆነብን ቃላቸውን ፋይል ውስጥ አስገብተን ዝም አልን። ፋይሉን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት ራሳቸው አቶ ዐብዲጀባር ነበሩ። አንድም ቀን አላነሱብንም።

ማስጠንቀቂያው ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። የመሻሪያውን ደብዳቤ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሳጋል ሽንሌ ድረስ ሄደን በእጃቸው እንሰጣለን። ለእሳቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለባልደረቦቻችንና ለተገልጋዮቻቸው ሰብሩንና መጽናናቱን ይስጥልን፤ አቶ ዐብዲጀባርንም አላህ በእዝነቱ ይቀበላቸው።

በቅጹ ላይ የማዕከሉ ድርሻ የሚል ረድፍ አልነበረም። ከእንግዲህ ይኖራል። የመጀመሪያውን ስለ አቶ ዐብዲጀባር እኛው ሞልተን ፈርመናል፦ በእኛ በኩል ጥፋት አለ፤ ሲቀሩ ደውለን አልጠየቅንም።

የወዳሐዳል ማዕከል ሠራተኞችና አመራር
ጅግጅጋ