የዘጋሁብህ ካርድ

ኮልፌ፣ አጠና ተራ
እሑድ ከዙህር በኋላ

ለሰልሳቢል አባት፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህን ልጠይቅህ ስል እጄ ይያዛል፤ መልሱን አውቀዋለሁና። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ድምፄን የቆራረጠው ኔትወርኩ ነው ልትለኝ ነው።

እኛ ደህና ነን። ሰልሳቢል ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ሒሳቡ ከብዶኛል፣ ሌላው ምንም አይልም ብላለች። ሱቁንም አልዘጋሁትም። ጎረቤታችን ዋጋነሽ መጋረጃ ልትመርጥ ሦስቴ መጥታ ሦስቴም ሳትገዛ ሄዳለች፤ ከኢስታንቡል የምታመጣውን ካላየሁ አልገዛም ብላ። ዕቃው መቼ ነው የሚገባው ብሎ ሰዉ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ በቅርቡ እላለሁ። ውሸት በአምስት ሳምንት ውስጥ ከአንተ ተማርኩ።

ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼም ነው።

ስትሄድ ትንሿን ስልክ ለእኔ ትተህልኝ ነበር። ካርዱን ባንኩ ያያያዘው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው፣ መልእክት ሲመጣ እንዳትሰርዢው አልከኝ። አልሰረዝኩም። ድምፅ ባሰማች ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ነበር የምሮጠው። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳታነበው ታስቀምጠዋለች ብለህ ይሆናል። ሰልሳቢል የት ሄዳ? የቦታውን ስም ስልኳ ላይ ትፈልግና ትነግረኛለች። ኢስታንቡልን በአንተ ካርድ ዞርኳት። ሻይ የት እንደጠጣህ፣ ባቡር የት እንደተሳፈርክ፣ ካልሲ የት እንደገዛህ አውቃለሁ። ጠዋትም ማታም የምትከፍለው አንድ ሾርባ ቤት ነበር። ሥጋ ካላየ የሚያኮርፍ ሰውዬ ቆጣቢ ሆነ ብዬ ከልጅህ ጋር ሳቅንብህ። ሌላው አልወርድ ብሎህ እንደሆነ በምን አውቄ። ምንም መልእክት ያልመጣ ቀን ደግሞ ለእኔም እህል አይወርድልኝም ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ መልእክት መጣ። ክፍያው ትልቅ ነው። ሰልሳቢል ስሙን ፈለገችና ሆስፒታል ነው አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ሌባ። የባሌን ካርድ ሰርቆ የሚታከም ሌባ። ወላሂ፣ አንተ ታመህ ይሆናል የሚል ሐሳብ በዚህ ጭንቅላት አላለፈም። ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር ጉንፋንህን እንኳ ሱቅ ቆመህ ነው ያሳለፍከው። ደወልኩልህ፤ ስልክህ ዝግ ነው። ኢብራር ጋ ደወልኩ፤ ዕቃ ሊገዛ አብሮህ ሄዶ እሱም አያነሳም። ባንኩ ጋ ደወልኩና ካርዱን ዝጉልኝ አልኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የስልኩ ሠራተኛ ስላሳወቁን እናመሰግናለን ሲለኝ ኮራ ብዬ ነበር የዘጋሁት።

ከመግሪብ በኋላ ደወልክ። ሌባውን እንዴት አድርጌ እንደያዝኩልህ ልነግርህ አፌን ስከፍት ቀደምከኝ። መጋረጃ የሚሸጡበት ሱቅ ካርዱ እምቢ አለኝ፣ ማሽናቸው ተበላሽቶ ነው አልክ። የቱ ሱቅ ብዬ ጠየቅኩህ። ማዕዘኑ ላይ ያለው አልከኝ። እኔ የሆስፒታሉን መልእክት በእጄ እንደያዝኩ ነበር የማዳምጥህ። ካርዱ በአንተው እጅ ከነበረ ሌባ የሚባል የለም፤ ያን ቀንም የመጋረጃ ሱቅ ደጃፍ አልረገጠም።

ያኔ ገባኝ። ድምፅህ ከረመዳን ጀምሮ ሲሻክር የመንገድ ሥራው አቧራ ነው ስትለኝ፣ እኔም ኮልፌ በሙሉ እንዳንተ ያስላል ብዬ ስቀልድብህ የነበረው ሁሉ መጣብኝ። በል ደህና ሁን ብዬህ ባኞ ቤት ገባሁና፣ ልጅህ እንዳትሰማኝ ቧንቧውን ከፈትኩት።

በማግሥቱ ባንኩ ሳይከፈት ደጁ ላይ ነበርኩ። ሀዊ የምትባል ሠራተኛ አስተናገደችኝ። ለመዝጋት ስልክ ይበቃል፣ ለመክፈት ግን ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት አለችኝ። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ሕጉ ነው፣ እማማ አለችኝ። እማማ መባሌ ራሱ ሌላ ንዴት ሆነብኝ። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፤ ውሃ አመጣችልኝ እንጂ ካርዱን አልከፈተችውም። አንተው ከዚያ ደውለህ፣ ፊትህን በስልክ አሳይተህ እስክታስከፍተው አራት ቀን ሄደ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን አልቻልኩበትም። ባንኩን እንዴት እንደረገምከው ሰምቻለሁ። ባንኩ ምንም አላደረገህም። እኔ ነኝ። አፉ በለኝ።

ኢብራርን አትቀየመው። ባለፈው ሳምንት ሲመለስ ሱቅ አስቀምጬ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ሳሳየው ምን ያድርግ? ጉሮሮህ ላይ ያገኙትን ነገረኝ። ካርዱ እምቢ ያለህ ናሙና ሊወስዱልህ ሲሉ እንደነበር፣ እሱም ያለውን ሁሉ ዕቃ ላይ ጨርሶ ስለነበር ምርመራው ለአራት ቀን እንደተላለፈ ነገረኝ። አራቱ ቀን ምንም ያመጣው ለውጥ የለም ብለዋል ሐኪሞቹ ብሎ ምሎልኛል። አምኜዋለሁ። ማመን አቅቶኝ የምነሳበትም ቀን አለ።

አንጀቴን የበላው ግን ይህ አይደለም። ቅጹን ሲሞሉ ለቀዶ ጥገናው አብሮህ የሚሆን ሰው ማነው ብለው ቢጠይቁህ፣ ማንም የለኝም አልክ አሉ። ማንም? ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴን ሳስታምም እንዴት እንደሆንኩ አይተሃል፤ ያን ነገር ሁለተኛ እንዳላይ ፈልገህ ነው። ግን የሰልሳቢል አባት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አንተም ሰምተህ አድገሃል። ሐዘኑንስ ብትደብቅልኝ እሺ፤ ወንበሬን ለምን ትነሳኛለህ? ማክሰኞ ወደዚያ ክፍል ሲያስገቡህ በሩ ላይ ሰው የሌለህ ሆነህ እንድትገባ አልፈቅድም። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ መልስ እንዳትሰጠኝ ነው። እስከ ማክሰኞ ድምፅህን እንዳታደክም ከልክለውሃል አሉ፤ አንተ ደግሞ ብቆጣህ ልታባብለኝ ብለህ ትለፈልፋለህ። ስለዚህ አንብበህ ራስህን ነቅንቅ፣ ያ ይበቃል።

ለቤቱ አታስብ። አልፊያ ከሳንሱሲ ጓዟን ይዛ መጥታ ሰልሳቢል ጋ ገብታለች፤ ከእኔ የባሰች ተቆጪ አክስት ናት፣ ልጅህ ከአሁኑ እያጉረመረመች ነው። ሱቁን ዋጋነሽ ከፍታ ትቀመጥልናለች። ሰልሳቢል ሳመችህ፤ መስማት የምትችለውን ያህል ነግሬያታለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህን ሴት በር ላይ አታቁማት። ኢብራር ወደ ዕቃው ስለሚመለስ እስካረፍክበት ቤት ያደርሳታል። አውሮፕላን ስትሳፈር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፓስፖርቷም ለዑምራ ተብሎ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ነው። ቪዛዋን ያመለከተችው ካርዱ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ነው። ጆሮዋ ላይ የለመድከውን ወርቅ ብታጣው አትጠይቃት። መንገዱን ሁሉ አንተን የምትቆጣበትን ቃል ስታጠና ነው የምትመጣው፤ ስታይህ ግን እንደሚጠፋባት ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ወረቀቱን ቀድማ የምትሰጥህ። አንብበህ እስክትጨርስ ቆማ ትጠብቅሃለች። አሁን ቀና ብለህ እያት።

አላህ ሺፋውን ያውርድልህ፣ የሐኪሞቹን እጅ ያቅናልህ፣ ለልጅህም ለእኔም ያቆይህ። አሚን።

ማክሰኞ ሐኪሞቹ አብሮህ ያለው ማነው ብለው ሲጠይቁህ አንተ አትናገር። እሷ ትመልስላቸዋለች።

የሰልሳቢል እናት