የአባትሽ ሚዳቋ

ጎርንያ ቫስ፣ ጁላይ 29

ለምወድሽ ለኔዣዬ፣

ከሁሉ በፊት ይሄን አንብቢ፦ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው፤ አሁን እንኳ መስኮቱ ሥር ቆሞ ቲማቲሙን እየተሳደበ ነው። ባለፈው ስትደውዪ «እማ፣ የሆነ ነገር ደብቃችሁኛል» ያልሽው እውነትሽን ነው። ግን እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ዓይኑን እያፈጠጠብኝ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? በወረቀት ይሻላል። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም፣ አትጮኺብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁን ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አባትሽ ጠዋት ልጆቹን በሚኒባሱ ይዞ ሲሄድ መስቀሉ ያለበት መታጠፊያ ላይ መንገዱን ስቶ የእነ ኮሲር የቢራ ጌሾ እርሻ ውስጥ ገባ። በሁለት ረድፍ መሀል ቀጥ ብሎ ገብቶ ሐረጉ ያዘው። አንድ ልጅ እንኳ አልተጫረም፣ እግዜር ይመስገን! እንዲያውም የኋላዎቹ እየሳቁ ነበር አሉ። ፊት ወንበር ላይ የነበረችው ትንሿ ዛላ ብቻ ጭጭ ብላለች። አባትሽ «ሚዳቋ ዘላ ገባችብኝ» አለ፤ እኛም አመንነው።

ፖሊስ ሆኖ የመጣው ማን መሰለሽ? ማቲያሽ! አባትሽ ንፍጡን እየጠረገ ትምህርት ቤት ያመላለሰው ማቲያሽ። ንፋ አለው፤ ነፋ። አባትሽን ታውቂው የለ፣ መሪ ከያዘ ጀምሮ ጠብታ አረቄ አልቀመሰም። ባንቺ ሠርግ እንኳ በአበባ ጭማቂ ጽዋ ሲያነሳ ወንድሜ «ሎይዜ፣ ሚጡ መጣች፣ ጡጦ አምጡላት!» እያለ ሲያበሽቀው ነው ያመሸው። እና ዜሮ ሲወጣ ደረቱን ነፋ። ማቲያሽ ግን ማጅራቱን እያከከ፣

«ጋሼ ሎይዜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጆች ስለነበሩ ምራቅም መውሰድ አለብኝ» አለው።

«ምራቅ? ጠጋ በላ፣ ልትፋብህ!»

ምራቁ ላይ የካናቢስ ምልክት ታየ። የእኔ ሎይዜ! እንደ አንድ ወጠምሻ! ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት፣ ደም፣ መንጃ ፈቃዱም ተያዘ። ስሰማ ክው ነው ያልኩት።

አዎ ልጄ፣ ጠብታው ነው። ያ ሲቢዲ የሚሉት ከካናቢስ ተክል የሚወጣ የሕመም ማስታገሻ፣ ካንቺ የመጣው። በናትሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ! አንቺ ለአባትሽ ወገብ አዝነሽ ላክሽ፤ እውነትም ማታ ማታ ማቃሰቱን ተወና እኔም እንቅልፍ አገኘሁ። «ሲተኛ ብቻ፣ ጥቂት ጠብታ» ብለሽ ጽፈሻል። እሱ ግን ምን አለ? «አልኮል የለበትም።» በቃ! በዚህ ሸለቆ ከየበሩ ጀርባ የአረቄ ጠርሙስ አለ፤ ያንን ያልነካ ሰው ህሊናው ንጹህ ሆኖ ይነዳል፣ ሌላ ነገር ሊያስጠይቀው እንደሚችል ለማንም አይታሰበውም። ስለዚህ ጠዋትም ቡናው ውስጥ ጠብ ማድረግ ጀመረ። በዚያ ላይ ሐኪሟ ለጡንቻው የሰጠችው ክኒን አለ። እኔም አይቼው ምንም አላልኩም፤ ቅጠል ነው ብዬ ነው።

መጀመሪያማ ማን ይቻለው! ጠርሙሱን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደና «አንብብ! አያሰክርም ይላል!» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ማቲያሽም በትህትና፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም፣ የሚያሰክረው ነገር ትንሽ ትንሽ የሚገኝበት ሞልቷል አለው። ሐኪሟ ደግሞ ለዘብ አላለችለትም።

«ሎይዜ፣ ጠዋት ጠዋት ያንቀላፋሃል?»

«እኔ? ጤነኛ ነኝ!»

«የጠየቅኩህን መልስ። አያሰክርም ማለት አያስተኛም ማለት አይደለም። አንዳንዱን ሰው ያደነዝዘዋል፤ ከኔ ክኒን ጋር ሲሆንማ ይብሳል። ይሄን እየወሰድክ መሪ እንዳትነካ።»

ተኮሳትሮ ወጣ። ጠበቃው ግን አጽናናው። ደሙ ውስጥ የተገኘው ኢምንት ነው፣ ሚዳቋዋም አለችልህ፣ ሴፕቴምበር ላይ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ አለው። አባትሽም ቀና አለ። ያለዚያ ሚኒባስ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ጠዋት ለባብሶ በረንዳ ላይ ይቆምና የሚሄድበት ያጣል። አንጀቴን ነው የሚበላው።

ስለ ሚዳቋዋ ልንገርሽ። አዳኙ ፍሎርያን ተመትታ እንዳትሰቃይ ብሎ ውሻውን ይዞ ጫካውን ሲያስስ ዋለ፤ ወጋቸው ነው። ሲመለስ ሾርባ አቀረብኩለት። በልቶ ጨረሰና ዓይኔን እያየ፣ «ሽቴፍካ፣ ጉደኛ ሚዳቋ ናት። ኮቴዋ መሬት አይነካም» ብሎኝ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እኔም ሳህኑን አነሳሁ።

እሁድ ዕለት የሾፌሮች ጠባቂው የቅዱስ ክሪሽቶፍ የመኪና ቡራኬ ነበር። እንደምታውቂው ሰልፉን የሚመራው አባትሽ ነው፣ ሚኒባሱን አጥቦ፣ አበባ አስሮ። ዘንድሮ ይቀራል ብዬ ነበር። እሱ ግን የጓሮውን የእጅ ጋሪ ሲያጥብ አገኘሁት! አበባ አስሮበት እየገፋ ከትራክተሮቹ ፊት ተሰለፈ። ቄሱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ጠበሉን ከጋሪው ይልቅ እሱ ላይ አርከፈከፉት።

«ሎይዜ፣ በስንት ትበራለች?» አለው ኮሲር።

«ሽቴፍካ በጮኸችው ልክ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም። ያኔ ዛላ ከእናቷ እጅ አምልጣ መጣችና የጋሪውን እጀታ ይዛ፣

«ጋሼ ሎይዜ፣ ስትመለስ አሁንም ፊት ነው የምቀመጠው። እንደገና እንዳትተኛ እያወራሁህ እሄዳለሁ» አለችው።

ከእኔና ከእሱ በቀር የሰማ የለም። ልጅቷ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለእናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም፣ ለእሱ ብላ! የአባትሽ ፊት አመድ መሰለ። ጋሪውን እየገፋ ቤት ገባ፣ ምሳም አልበላ። ሰኞ ጠዋት ክራቫት አሰረና ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ሄደ። የሆነውን በሙሉ ነገራት፤ የሚኒባሱንም ቁልፍ አስረከበ። ከዚያ የዛላን እናት ቤት አንኳኳ። እሷ ምን እንዳለችው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጠበቃውንም አሰናበተው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ፋሲካ ላይ፣ ባልሽ ዴክላን ጥሎሽ ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ እንዳለሽ፣ አንቺም ያንኑ ጠብታ እንደምትወስጂ ጽፈሽልኝ ነበር። አንዳንዴም በመሀል ተነስተሽ ትደግሚዋለሽ። ጎህ ሳይቀድ ደግሞ በመኪና ከበሽተኛ ቤት ወደ በሽተኛ ቤት ትዞሪያለሽ፣ በዚያ በጠባብ የአየርላንድ መንገድ፣ በዝናብ። ያኔ «ጎሽ፣ እንኳን ረዳሽ» ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን ስልኩ ባልተለመደ ሰዓት በጮኸ ቁጥር አማትቤ ነው የማነሳው።

ጣዪው አልልሽም፣ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪምሽን ጠይቂ፤ የምትወስጂውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያት። እስከዚያው ግን ጠብታ ከወሰድሽ ቁልፉን አትንኪ። አለቃሽ ቢቆጣም ይቆጣ! እንቅልፍ የነሳሽ የቤቱ ጭር ማለት ከሆነ ደግሞ ነይ። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ። ማንም ምንም አይጠይቅሽም፣ አባትሽን አፉን አስይዘዋለሁ።

እመቤቴ ማርያም በየመታጠፊያው ትቅደምልሽ፣ የሰላም እንቅልፍ ትስጥሽ።

የምትወድሽ እናትሽ ሽቴፍካ

አባትሽ ከቲማቲሙ ገብቶ ምን እየጻፍሽ ነው አለኝ። አነበብኩለት። ብዕሩን ተቀበለኝ፦

ኔዣ፣ ሚዳቋ አልነበረችም። ተኝቼ ነበር። ስነቃ የፊት መስታወቱ በሙሉ ቅጠል ነበር፣ ከኋላዬ ምንም ድምፅ አልነበረም። ልጆቹ መሳቅ እስኪጀምሩ ድረስ ያለችውን ያችን ጊዜ አንቺ እንዳታያት። መኪናሽን አቁሚ፣ ልጄ።

አባትሽ