ለአምስት የተካፈልናቸው እናት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የወገብዎ ቁርጥማትስ ለቀቅ አደረገዎት? ባለቤትዎስ፣ ልጆቹስ? እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እየዋልኩ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን አልጽፈውም፤ ዛሬ የያዝኩት ሌላ ነው።

ባለፈው ወር፣ እኔ በምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ ልብስ ተኳሹ ሰውዬ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሃያ ሦስት ነበርን። እኔ አንሶላ እንደያዝኩ አለቃችንን አየሁ፤ አለቃችን ማድረቂያው ጋ ያሉትን አየ፤ እነሱ እኛን አዩ። ማንም ስላልደነገጠ የሚያስደነግጥ ነገር አልመሰለንም። አንዱ እንዲያውም እንቅልፉን ለሽ ሊያደርገው ነው ብሎ አሳቀን። ሐኪም የተጠራው ዘግይቶ ነው፤ ሰውዬው አልተረፈም። እኔም ስቄያለሁ፣ ወንድም ጋሼ።

ከቀብሩ በኋላ አሠሪዎቻችን አንዲት አስተማሪ አመጡልን፤ ሰው ከሰው መሀል ሲሆን ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ የምታጠና ናት። ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም አለችን። ብቻውን ያገኘው ሰው ይሮጥለት ነበር፤ ሰው ሲበዛ ግን ኃላፊነቱ ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ደግሞም ሁሉም የጎረቤቱን ፊት አይቶ ነው የሚደነግጠው።

«እርዱኝ ብላችሁ ለሁሉም አትጩኹ፤ አንዱን በጣት ጠቁሙና አንተ በሉት» አለች።

ያኔ እንባዬ መጣ። ለሟቹ መስሏቸው አባበሉኝ፤ ያለቀስኩት ግን ለእናታችን ነው። ግቢ ውስጥ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተጎድቶ፣ ሁለት ቀን ያለ ጠያቂ መተኛታቸውን የነገረችኝ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት እንጂ ከእናንተ ከአራታችሁ አንዳችሁም አይደላችሁም። ታናሻችን እህታችን አለች ይላል፤ እህታችን መሀለኛው አለ ትላለች፤ መሀለኛው እርስዎን ያያል፤ እርስዎ ሁሉንም ያያሉ፤ እኔ ርቄያለሁ እላለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እኛም እናታችንን ጌጥ አደረግናቸው፤ የያዛቸው ግን የለም።

ታላቅን በጣት መጠቆም ነውር መሆኑን በኩርኩም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን እጠቁማለሁ። ከደጅዎ እስከ ደጃቸው የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። እሑድን ሳይጠብቁ ይሂዱና ወደ ቤትዎ ይውሰዷቸው።

ባለቤትዎን፣ ትልቋን ልጅና መንትዮቹን ይሳሙልኝ። ልብስ ሰፊዋን ጉልበቷን ስመው ያመስግኑልኝ። ለታናሻችን፣ ለእህታችንና ለመሀለኛው ሰላምታዬን ያድርሱ፤ ደብዳቤውን ግን አያንብቡላቸው። እነሱ ከሰሙት እንደገና አምስት እንሆናለን።

እህትዎ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለው ክፍል፣ ሰኔ ፬ ቀን