አርባ ስምንት አሃዝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከቀኑ 10 ሰዓት

ከላቦራቶሪ ሥራዬ ተመለስኩ። ጫማ አወለቅኩ። ሻይ ጣድኩ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ አልተከፈተም። ሰማያዊ ገጽ። ሌሊቱን በራሱ ፈቃድ ሲታደስ አድሯል፤ አሁን ባለቤቱን አላውቅም ይላል። የይለፍ ቃሌን አውቃለሁ፤ እሱን ግን አልጠየቀኝም። የሚጠይቀኝ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው «የማስመለሻ ቁልፍ» ነው። አርባ ስምንት! ማን ሰጥቶኝ? መቼ?

አንተ ደብተር፣ ሦስት ወር ሙሉ ረስቼህ ነበር። አንተ ቢያንስ ማን ነህ አትለኝም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እታገሠው ነበር። ጋሽ በላቸው ትናንት ዐረፉ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። የሕይወት ታሪካቸው ያለው እዚያ የተቆለፈ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ስድስት እሑድ ከምኖርበት ከአውሮራ ወደ ሌክውድ እየተመላለስኩ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስጽፍ። በቁማቸው ራሳቸው ማስጻፍ ፈለጉ። ከሞቱ በኋላ የሚጻፍላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ሰው ይመስላሉ አሉኝ፤ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ። ልክ ናቸው። በዚህ ከተማ ለሃያ ሰው ገደማ ጽፌያለሁ፤ አውቀዋለሁ።

ልጃቸው ሮማን ደወለች። ጽሑፉ ደርሷል ወይ ጋሽ መስፍን? ደርሷል አልኳት። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ደርሷል፤ ተቆልፎበታል እንጂ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

ሃቫና ስትሪት ላይ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ጋ ወሰድኩት። ኮሪያዊት፣ በእኔ ዕድሜ፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ። ለማየት አሥር ሰከንድ አልፈጀባትም። ያለ ቁልፉ አይከፈትም አለች። ከፈለግህ ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነሣዋለሁ። ጽሑፉስ? ጽሑፉማ ይጠፋል።

ቤት ተቆልፎብኝ ቁልፍ ሠሪ ብጠራ፣ ቤቱን ላፍርስልህ ይለኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ገጹ ላይ በጣቷ አንድ ነገር አሳየችኝ። ቁልፉ የተቀመጠበት ኢሜይል፤ የፊተኞቹ ፊደላት ብቻ ይታያሉ፣ የቀረው ኮከብ ነው። ያንተ ነው ወይ አለች።

የእኔ አይደለም። የጌታቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ማሽኑን ያዘጋጀልኝ እሱ ነው። አካውንት ካልከፈትክ አይሆንም ተባልኩ። እምቢ አልኩ። የገዛ ዕቃዬን ለመጠቀም የትውልድ ቀኔን ለማላውቀው ኩባንያ የምሰጥበት ምክንያት አልታየኝም፤ አሁንም አይታየኝም። ጌታቸው ሰዓት ሄደብኝ ብሎ በራሱ ኢሜይል ጨረሰው። ስለዚህ በኩባንያው መዝገብ መሠረት እኔ በጌታቸው ኮምፒውተር የምገለገል ሰው ነኝ። በገዛ ሳሎኔ!

ከጌታቸው ጋር ደግሞ ካለፈው የካቲት ጀምሮ አንነጋገርም። ለአንድ ወዳጃችን የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ መቃብር ላይ እንዲያነብ ሰጠሁት። ድምፁ ጥሩ ነው። ሁለት ገጽ ዘለለ። ሳያስፈቅደኝ። ሰው ቆሟል፣ በረዶ ነው አለኝ። በረዶውንማ እኔም ቆሜበታለሁ። ሰው ፊት ተናገርኩት፤ ክፉኛ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ነበር።

ማታ ራት ላይ ልጄ ሰሎሜ፦ «ዳድ፣ ክላውድ ላይ የለም?» የለም። «ሶ እንደገና ጻፈዋ። ዩ ሪሜምበር ኢት።» የሰው ሕይወት በ«ይመስለኛል» አይጻፍም አልኳት። ዓይኗን አዞረችብኝ። እናቷ አልማዝ ደግሞ፣ ለምን ራስህ ለጌታቸው አትደውልም አለች። አልደውልም። ሽማግሌ እልካለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

አቶ ደምሴ ሄደውልኛል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሁለታችንንም ያውቁናል፤ በራሳቸው መኪና፣ ጌታቸው ወዳለበት ቶርንተን ድረስ። በስልክ ነገሩኝ። «ለጋብቻ ተልኬያለሁ፣ ባልና ሚስት ላስታርቅ ተልኬያለሁ። ቁጥር ልለምን ስላክ ግን ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው።» ብቻቸውን ሲስቁ ቆዩ። ከዚያ መልሱን ሰጡኝ። ቁልፉ አለ። በሰው እጅ ግን አይሰጥም። ራሱ ይምጣ ብሏል።

ራሱ ይምጣ! መያዣ መሆኑ ነው? የኔን ዕቃ ይዞ ቅድመ ሁኔታ! ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደድኩ ጮህኩ። ሕግ ቦታ እሄዳለሁ አልኩ። አልማዝ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እናቱ ሲሞቱ ስንት ቀን ሄድክ?» አለችኝ።

መንጎራደዱን ትቼ ተቀመጥኩ።

ደብተር፣ ለአንተ ያልጻፍኩት ነው፤ ልጻፈው። የጌታቸው እናት በሚያዝያ ደሴ ላይ ዐረፉ። መርዶውን እዚህ ቶርንተን ነገሩት። ለቅሶ ተቀመጠ። የከተማው ሰው ሁሉ ሄደ። አልማዝ ሦስት ቀን ሄደች። እኔ አልሄድኩም። ሥራ አለ አልኩ። የሥራ ጉዳይ አልነበረም። ያኔ ስለ ሁለት ገጽ ገና እየተናደድኩ ነበር።

ሮማን ዛሬም ደወለች። ቤ/ክኑ ጽሑፉን ዓርብ ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13። 11 ሰዓት ተኩል

የምጽፈው መኪና ውስጥ ነው። ቶርንተን፣ ከጌታቸው ቤት ትይዩ ፓርክ አድርጌያለሁ። መንገዱ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምኩ፤ አደጋ ነበር። የምለውን አዘጋጅቻለሁ። አንደኛ፣ ማሽኑ የእኔ ነው፤ ደረሰኝ አለኝ። ሁለተኛ፣ ያለ እኔ ፈቃድ በስሙ ማድረጉ ከመጀመሪያው ስህተት ነበር። ሦስተኛ፣ የሟች ጉዳይ ስለሆነ እንጂ አልመጣም ነበር።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። አይቶኛል። ልግባ።

ያው ቀን፣ ቤት ገብቼ

ከሦስቱ አንዱንም አልተናገርኩም።

በሩን ራሱ ከፈተው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ በስምንት ወር። አፌን ስከፍት የወጣው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ነው። ገባሁ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ። የእናቱ ፎቶ ቴሌቪዥኑ ላይ። እጄን አጣምሬ አንገቴን ደፋሁ። ለቅሶ ቤት እንደዚያ ነው፤ ስድስት ወር ቢዘገይም።

በመጨረሻ፦ «ምነው መስፍን? ስልክ እንኳ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለመጮህ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

ከዚያ ስለ እናቱ አወራ። ከደሴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ስትደውል አንተን ሳትጠይቅ አትዘጋም ነበር አለኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለን ለገና እነሱ ቤት ሄጄ አውቃለሁ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልረሱኝም። «ያ ቁጡው ልጅ ደህና ነው? ሰሞኑንስ ከማን ተጣላ?» ይሉት ነበር። ከየካቲት በኋላም ጠይቀውታል። ምን አልካቸው? ደህና ነው፣ ከማንም አልተጣላም አልኳት አለኝ።

ዓይኔን ጠረግኩ። መነጽሬን ነው የጠረግኩት ብዬ ላስመስል ሞከርኩ፤ አልሆነም።

ቁልፉን ሳልጠይቅ ነው ስልኩን ያነሣው። ስድስት ስድስት አሃዝ፣ ስምንት ምድብ። እሱ ሲያነብ፣ እኔ እዚህ፣ ደብተር፣ የኋላ ሽፋንህ ላይ ስጽፍ። ሲጨርስ ስልኩን አስቀምጦ፦ «አርባ ስምንቱንም አነበብኩልህ። አንድም አልዘለልኩም፤ ልብ በል።» ባለጌ! ሁለታችንም ሳቅን፤ ሚስቱ ከጓዳ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ።

ይቅርታ አልኩት። በትክክል ስለ የትኛው እንደሆነ አልዘረዘርኩም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14። ጠዋት

ተከፈተ። ሰባተኛው ምድብ ላይ እጄ ተሳሳተ፤ አጥፍቼ ደገምኩ። ተከፈተ። ጽሑፉ አለ፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ ነጥብ አልጎደለም። ለዚህ ደስ ሊለኝ ይገባል? የራሴን ወረቀት ስላየሁ? አራት ቀን ሰረቁኝ፤ የአንድ መስመር ይቅርታ እንኳ ገጹ ላይ የለም። «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። እንኳን ደህና መጡ!

ገጽ አራትን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ጋሽ በላቸው በወሎ መንገድ ሥራ ቀያሽ ሳሉ፣ ሴቶች የሚገበያዩበት ሾላ እንዳይቆረጥ መስመሩን አርባ ሜትር አጥፈውታል። አለቃቸው ደመወዝ ቀጣቸው። በራሳቸው አነጋገር፦ «መንገዱን ጎርፍ ሦስት ጊዜ ወስዶታል። ሾላውን አልነካውም።» ይህን በቃሌ ብጽፈው ኖሮ ደግ ነበሩ፣ ዛፍ ይወዱ ነበር እል ነበር።

አተምኩ። ለሮማን ላክሁላት።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 15። ከቀብር መልስ

ሙሉውን አነበብኩት። ቄሱ ሁለቴ ሰዓታቸውን አዩ። ያዩ። ሾላው ላይ ስደርስ ሮማን ጮክ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፤ እሱ ነው፣ አባቴ ነው አለች። ጌታቸው መጥቶ ነበር። ሬሳውን ከተሸከሙት መሃል ነበር።

አሁን ሰሎሜ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቁልፉን ወደ ስሜ ልታዞርልኝ ነው። ሁለት ደቂቃ ነው ትላለች፤ ኢሜይል፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን። ልክ ናት። በስሜ አይደለም እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ያመስኩት እኔው ነኝ። ጣቷን አሳርፋ ፊቴን ታያለች።

ተይው አልኳት።

«ዋት? ዳድ፣ ሲሪየስሊ?»

ተይው። ኩባንያውን ይቅር ብዬ አይደለም፤ ለእነሱ የምጽፈው ደብዳቤ ከወዲሁ ሁለት ገጽ ሆኗል፣ ማንም አያሳጥርልኝም። ቁልፉ ግን ጌታቸው ጋ ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲቆልፍብኝ፣ ደግሞም ይቆልፍብኛል፣ አውቀዋለሁ፣ ቶርንተን ድረስ እነዳለሁ።