አምስተኛው የመመለሻ ትኬት

አባዬ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በልቤ ሁሌ አወራሃለሁ እንጂ እስካሁን ብዕር አንስቼ አላውቅም። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው አጣሁ። ባሌን ሙክታርን እንዳላማክር ይስቅብኛል፤ እማዬን እንዳላማክር ጉዳዩ የራሷ ነው።

ከነገ ወዲያ ጅቡቲ እንሄዳለን፣ በባቡር። እማዬ እህቷን ኸድራን ካየቻት ዘመን ሆኗታል፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ደግሞ ቤተሰቡ አብሮ የትም ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ እኔው ነኝ ሁሉንም የወተወትኩት። ሙክታር በመኪና ይሻላል ብሎ ነበር። የባቡር ሰው ልጅ አግብተህ ምን የመኪና ወሬ ታወራለህ ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ዝግጅቴን ብታይ ደስ ይልህ ነበር። የከዚራው አሮጌ ጣቢያ አሁን ዝም ብሏል፤ ባቡሩ የሚነሳው ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከአዲሱ ነው። ስለዚህ ባለባጃጁን ከወዲሁ አነጋግሬዋለሁ። ፓስፖርቶቻችንንና የቢጫ ወባ ካርዶቻችንን በአንድ ላስቲክ አስሬያለሁ። ስንቃችን ፈጢራ ነው፤ ውሃው በበረዶ በቴርሞስ። ልጆቹ በመስኮት ዳሩ ወንበር ሁለቴ ተጣልተው ሁለቴ ታርቀዋል። ባሕር አይተው ስለማያውቁ መጨረሻ አለው ወይ እያሉ ይጨቀጭቁኛል።

ያስተማርከኝንም አልረሳሁም፤ ከመሄጃው በፊት መመለሻውን። ትኬት ተቆጣጣሪ ሳለህ በአሮጌው ባቡር ወደ ጅቡቲ ስንሄድ ትዝ ይልሃል? ኮፍያህን ደፍተህ ትመጣና እንደማታውቀን ሆነህ አጠገባችን ትቆማለህ። እማዬን "እመቤቴ፣ ትኬትዎን" ትላታለህ። እሷ ሳቋን እየዋጠች ትሰጥሃለች። በስተህ ትመልስላትና "መመለሻውስ?" ትላለህ። መመለሻ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ከአንተ ሌላ አይቼ አላውቅም። ከቤት ስንወጣ በሻሿ ጫፍ የቋጠርክላትን ፈትታ እስክታሳይህ ድረስ ግን ወደ ሌላው ተሳፋሪ አታልፍም ነበር። መሄጃ የመንገደኛው ነው፣ መመለሻ የቤቱ ነው ትለን ነበር።

የአሁኑን መመለሻ ትኬት እዚያው ጅቡቲ የምትቆርጥልን የአክስቴ የኸድራ ልጅ ናት። ስማችንንና የፓስፖርታችንን ፎቶ ላኪልኝ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት አምስቱን ፓስፖርት አልጋ ላይ ደርድሬ ፎቶ ላነሳ ስል እማዬ ገባች። የራሷን ከመሀል አነሳችና የአራታችሁን ላኪ፣ የእኔን እዚያ እናየዋለን አለችኝ።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ አባዬ። ያንተ ነው። ለሕክምና አዲስ አበባ በባቡር ስትሄድ፣ ዕድሜህን ሙሉ መመለሻ ሳትይዝ የማትሳፈረው ሰውዬ፣ የመመለሻውን ተዪው፣ እዚያ እናየዋለን አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን በመኪና አመጡህ።

እማዬ ፓስፖርቷን ካነሳችበት ቀን ጀምሮ ዐይኔን ሳልነቅል አያታለሁ። የጎረቤቶቹን ዕቃ ሁሉ መለሰች። ቢዮ አዋሌ ድረስ ሄዳ የድሮ ወተት ሻጯን አፉ በይኝ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። መንገደኛ ይቅር በሉኝ ማለቱ ወግ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከእጇ ወልቆ የማያውቀውን አምባሯን ለትልቋ ልጄ አጠለቀችላት። ሰፍቶሽ ነው ወይ አልኳት፤ አዎ ሰፍቶኛል አለችኝ። አልሰፋም ነበር።

ትናንት መድኃኒቷን ልጨምርላት ሻንጣዋን ከፈትኩ። ከልብሶቿ ሥር ከፈን አገኘሁ። ከሐጅ ስትመለሱ ሁለት ይዛችሁ መጥታችሁ ነበር፤ ያንተን ለብሰኸው ሄድክ። የእሷ ከሳንዱቁ ወጥቶ አያውቅም። እጄ እንደያዘው ደርሳ አየችኝ። "አቦ፣ ምን ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ?" አለችኝ። "የኔ አይደለም። ኸድራ አምጪልኝ ብላኝ ከቀፊራ ገበያ የገዛሁላት ነው። የኔማ ሳንዱቁ ውስጥ ነው፣ ወላሂ።" ጅቡቲን የሚያህል የንግድ ከተማ ነጭ ጨርቅ ያጣ ይመስል! ቢሆንም አመንኳት፤ ማመን ስለፈለግሁ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ጎረቤት ልትሰናበት ስትወጣ ሳንዱቁን ከፈትኩት። ኮፍያህ አለ። የትኬት መብሻህ አለ። ከፈኑ የነበረበት ላስቲክ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ባዶውን።

ፈራሁ አባዬ። አሟት ደብቃኝ እንደሆነ አላውቅም። ሰው ቀኑ ይታወቀዋል ይላሉ፤ አንተም ታውቆህ ነበር መሰለኝ። ጉዞውን ብሰርዘው እህቷን እንዳታይ ያደረግኋት እኔ እሆናለሁ። ብወስዳት ደግሞ ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ባቡር ሠርተው እየጮኹ ነው፤ ወንበሮቹን በሙሉ አሰልፈው እሷን ከፊት አስቀምጠዋት ነበር ጠዋት።

ሳንዱቁን ዘግቼ ፓስፖርቷን ካሰርኳቸው መሀል አወጣሁና ፎቶ አነሳሁት። ሳልልክ ካቆየኋቸው ከአራቱ ጋር አምስቱንም ላክሁ፤ የእሷን ስም ከሁሉም አስቀደምኩት። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ቆርጫለሁ የሚል መልስ መጣልኝ። ነገ በወረቀት አሳትመዋለሁ፤ ባጃጁ በር ላይ ሲቆም በሻሿ ጫፍ እቋጥርላታለሁ። ትቆጣ ይሆናል፣ ትቆጣ።

ትኬት ሰው እንደማይመልስ አውቃለሁ። ያንተን ሳልቆርጥ መቅረቴን ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም፤ አንተንም እንደዚያው። ፉርጎው ውስጥ ቦታ ቦታችንን ስንይዝ እኔ ቆሜ እቀራለሁ። እንደማላውቃት ሆኜ ፊቷ እቆምና "እመቤቴ፣ መመለሻውስ?" እላታለሁ። ፈትታ እስክታሳየኝ አልቀመጥም።

ልጅህ