አግዳሚው ንቅንቅ አላለም

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

የሳሎኑ ጣሪያ አለቀልሽ! አናጢው አባትሽ ወርዱን አስለክቶ፣ «ለዚህ ስፋት ቀጭን እንጨት መሃሉ ይጎብጣል» ብሎ ወፍራሙን አግዳሚ አሰቀለ፤ ሁለቱንም ጫፍ በቋሚ አስደገፈው። ጎረቤቱ ሁሉ እጁን በአፉ ጫነ።

መቼም አባትሽ ራሱ አግዳሚው ላይ ካልተንጠለጠለ ሥራው አለቀ እንደማይል ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «እስቲ አንቺ ተንጠልጠይ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ቀሚሴን ሰብስቤ ተንጠለጠልኩ፤ እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። «የማን ሥራ መሰለሽ!» ብሎ ተኮፈሰ።

አሁን አልጋውን ሳሎን አውጥተንለት፣ ተጋድሞ ሥራውን ሲያይ ይውላል። ደስ ብሎታል።

እስክንገናኝ ሰላም ሁኚልኝ። ጣሪያውስ የትም አይሄድም፤ አንቺ ግን ቶሎ ነይ።

ተንጠልጣይዋ እናትሽ