ያልጠየቅሁት ሳህን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ። እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የደረትሽ እብጠት እንዴት አደረገሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህልስ ይወርድልሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንቺ ሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው በስልክ ልነግርሽ ስጀምር «ቢላዋ ለሽንኩርት ነው፣ እኔ ሽንኩርት ነኝ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ሳቅሁና ብዕር አነሣሁ። ደብዳቤ አይዘጋምና ስሚኝ።

የጦስኝ ዘይቱን ከመደብር ገዝቼ ስልክልሽ «ነቀርሳን ሲገድል በዓይኔ አየሁ» ያልሁሽ ውሸት አልነበረም። ሳህንና ብልቃጥ በማጥብበት ላቦራቶሪ ተመራማሪዋ በማጉያ መነጽሩ አሳይታኝ ነበር። የነቀርሳው ሴሎች ዘይቱ ሲነካቸው ተኮማትረው እንደ ደረቀ ልጣጭ ከሳህኑ ተላቀቁ። እኔም እዚያው የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ አመሰገንሁ።

ዘይቱን ተማምነሽ ቀዶ ሕክምናውን መተውሽን ስሰማ ግን «በቀን ስንት ጠብታ ይበቃታል?» ብዬ ጠየቅኋት። የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሌላ ሳህን አወጣች፤ «ይኸኛው ዘይቱ የነካው ጤነኛ ሴል ነው፣ አባባ» አለችኝ። እሱም እንደዚያው ረግፏል። ዘይቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። «ሳህን ላይማ በረኪናም ይገድለዋል፣ ይጠጣል እንዴ?» አለችኝ። ደግሞ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ብዙ ነው፤ ጦስኙ ከማበቡ በፊት ሲለቀምና ካበበ በኋላ ሲለቀም እንኳ ዘይቱ አንድ አይደለም። ያንቺ ጠርሙስ የትኛውን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ነቀርሳው ሲሞት ባየሁበት በመጀመሪያው ቀን ግን ሌላ ሳህን አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

«እግዚአብሔር ቅጠል ውስጥ ያኖረውን ሰው አይንቅም» ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ ቅጠሉ የሱ ነው። የሐኪሙስ እጅ የማን ነው? ራሴን መረመርሁ፤ ገንዳው አጠገብ ያመሰገንሁት ፈጣሪን ነው ወይስ ምኞቴን? ባለቤቴ ስትታመም የሚሞከር ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሳይ እንደ ሕፃን ዘልዬ ያዝሁት። ላንቺ ግን ሐኪሙ «አልረፈደም» ብሏል። ይህን ቃል ለሷ የሚል ባገኝ በጉልበቴ ድኼ በሄድሁ ነበር።

ባለቤትሽን ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ በፈጠረው፣ ቀጠሮውን እንደገና ያሲዝልሽ። ታላቋን ልጅሽን ሰላም በያት፤ ጠርሙሱን እሷ ትረከብሽ። አንቺም ይህን የምታነቢላት ትንሿ፣ እናትሽ ብትቆጣም የሳህኑን ነገር እንዳትዘይው፤ ሁለቴ አንብቢላት።

እትዬ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ልጠብቅሽ፤ ለለቅሶ አታስመጪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከዕቃ ማጠቢያው ክፍል፣ ማክሰኞ ጥር ፱ ቀን